አባ መሰላል በጥርሳቸው ላይ የዘመቱበት ዘመን ዜና

የጣሪያ ገዢ፣ የግድግዳ ድል አድራጊ፣ የስቱኮና የሩሎ ባለሟል፣ ኮፍያቸው በቀለም ነጠብጣብ ያጌጠ ቀለም ቀቢው ጎረቤቴ አባ መሰላል በሙያቸው በነገሡ በሠላሳኛው ዓመት፣ ይኸውም የሕንፃችን ሊፍት ሞቶ ባልተነሣበት በዘመነ ደረጃ፣ በጥርሳቸው ላይ ዘምተው ያደረጉት ሁሉ ይህ ነው፤ እናንተም ልጆቼ፣ ወንበር ሳቡና ስሙ።

የዘመቻው ምክንያት የበኩር ልጃቸው ሠርግ ነበር። ጥርሳቸው በብዙ ዘመን ጥቁር ሻይና በኋላ በተዉት ሲጋራ ጠይሞ፣ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፍ የሚሸፍኑ፣ ፎቶ ሲነሡም ከንፈራቸውን እንደ ተቆለፈ ሳጥን የሚገጥሙ ሰው ነበሩና፣ ልጅቱ በቤተ ዘመድ ፊት ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ኧረ ሰዎች፣ የአባዬን ጥርስ አይቼ አላውቅም እኮ! በሠርጌም ፎቶ እንደ መታወቂያ ፎቶ ኮስተር ካለ፣ እኔም ጎኑ ቆሜ እኮሳተራለሁ፤ ያን ጊዜ ሠርግ ይሁን ለቅሶ እናንተው ለዩት!»

ሶበ ሰምዑ ዘንተ፣ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ አባ መሰላል ክተት ብለው ወደ ሱፐርማርኬቱ ዘመቱ። ከፊት የቤታቸው እመቤት፣ የዘንቢል አዛዥ፤ በቀኝ የእመቤቲቱ እህት፣ ምላሷ ከሻጭ ሁሉ የሚቀድም፤ በግራ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎረቤታችን፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚያውቅ፤ ከኋላ እኔ፣ ጉልበቴ ባዘዘኝ መጠን። በዚያም የጥርስ ሳሙናዎች እንደ ጦር ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ «በሳምንት እንደ በረዶ!» ብሎ ሲፎክር፣ ሌላው ዕንቁ ሥሎ ሲኩራራ፣ አንዱም ከሰል በላሁ ብሎ ጥቁር ለብሶ ቆሞ ነበር። አባ መሰላልም ፉከራው የበረታውን ሁሉ ማርከው ገቡ፤ በቤታቸውም እያንዳንዱን በሁለት ጣታቸው መካከል እንደ ስቱኮ አሽተው ሻካራውን ከሰልማ መረጡና፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ያልተፋቀ ግድግዳ ቀለም አይዝም! እኔን ስለ መፋቅ ማን ሊያስተምረኝ ነው?»

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ብሩሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው ጧት ፋቁ፣ ቀን ፋቁ፣ ማታም ፋቁ፤ በፋቁም ቁጥር የቀለም ናሙና ካርዳቸውን ከመስተዋቱ ፊት በጥርሳቸው አጠገብ ይዘው ይለኩ ነበር። በካርዱ ላይ ከ«ማር» ቀለም ወደ «ገለባ» ከፍ ባሉ ዕለት እልልታ ሆነ፤ ለደስታውም ከፍሪጅ ውኃ ቀድተው አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ወኮነ ዐቢይ ጽራኅ፤ ጩኸቱም ከላይኛው ፎቅ እኔ በር ድረስ በደረጃ ወረደ። ሊፍት ቢኖር ኖሮ በእርሱ ይመጣ ነበር።

የቤታቸው እመቤትም አወጀች፦ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ጥርስ ነው ወይስ የመስኮት ፍሬም? ድዱ እስኪደማ! በል ጫማህን አድርግ፣ ሐኪም ቤት!»

የጥርስ ሐኪሟም አፋቸውን በመብራት ከመረመረች በኋላ ይህን አዋጅ አስነገረች፦ «አባባ፣ ጥርስ ተፍቆ አይቀባም። ከላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም፤ ቅዝቃዜው ዘልቆ የነዘረዎት ለዚህ ነው። የሚያነጣ የሚባለው ሳሙና ደቃቅ ዱቄት አለው፤ የሻይና የሲጋራ እድፍ ከላይ ይጠርጋል፣ በቃ። አንዳንዱ ማንጫ ኬሚካል አለው፤ ግን ትንሽ ነው፣ ታጥቦም ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሰማያዊ ነገር ይቀባና ለጊዜው ዓይን ያታልላል። ከውስጥ የመጣ ብጫነትን ሳሙና አይነካውም። ሲገዙ ፍሎራይድ ያለውን፣ ሻካራ ያልሆነውን፣ ‹ለሚነዝር ጥርስ› የሚለውን ይያዙ። ብሩሹ ለስላሳ፣ እጅዎም ቀላል ይሁን። ሌላው ፉከራ ነው!»

ሰማያዊው በተነሣ ጊዜ ግን አባ መሰላል ወንበሩ ላይ ዘለሉ። ነጭ ቀለም ይበልጥ ነጭ እንዲመስል በባልዲው ውስጥ የሰማያዊ ጠብታ እየጣሉ ባለቤቶችን ሲያስደምሙ የኖሩ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩና፣ እንዲህ ያለውንም ሳሙና ማርከው ሲገቡ በገዛ ጥበባቸው ተሸውደው በመገኘታቸው፣ በጥጥ በተሞላ አፋቸው እስኪያለቅሱ ሣቁ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ዳግመኛ ዘመተ፤ ከታችኛው መደርደሪያ ማንም ያልፎከረለትን፣ ሐኪሟ ያለችውን ትሑት ሳሙና ይዞ ተመለሰ። ንዝረቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ ቀለሙ ግን እዚያው ገለባ ላይ ቆመ፤ የእመቤቲቱም እህት «ይኸን ያህል ሰልፍ ለዚህች?» ብላ አወጀች።

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ፎቶ አንሺው «ፈገግ!» ባለ ጊዜ የአባ መሰላል መዳፍ እንደ ልማዷ ወደ አፋቸው ተነሣች፤ ሙሽሪትም በመንገድ ላይ ማረከቻት፤ ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት፤ አልለቀቀችም። እጅ ያጡት አባ መሰላል ሌላ መሸሻ ቢያጡ ሣቁ፤ ሣቃቸውም እስከ መንጋጋ ድረስ ተከፈተ።

ነገር ግን ፎቶው ታትሞ በመጣ ጊዜ፣ ፎቶ አንሺው ደግ የሠራ መስሎት የሁሉንም ጥርስ በኮምፒውተሩ አንጥቶት ነበር፤ አባ መሰላልም የፍሪጅ በር የዋጡ መስለው ቆመዋል። እኛ ሁላችን «አማረ!» ስንል ሙሽሪት ብቻ ተቆጥታ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «ይሄ የማን አባት ነው? እኔ ስንት ዓመት የጠበቅሁት ይሄን ነው እንዴ? የአባቴን ጥርስ መልሱልኝ! ገለባም ቢሆን የራሴ ገለባ ነው!»

ፎቶው ሳይነጣ ዳግም ታትሞ ተመለሰላትም። እነሆ ዛሬ በሙሽሮቹ ሳሎን፣ አባ መሰላል ራሳቸው በቀቡት ግድግዳ ላይ፣ ጥርሳቸው እንዳለ ወጥቶ ይስቃሉ፤ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ እርሳቸውን ያያል፣ አይቶም ሳይወድ ይስቃል። ግድግዳን ያነጡ ብዙዎች ናቸው፤ በገለባ ጥርስ ቤት ያበራ ግን ማን አለ? ውዳሴ ለአባ መሰላል፣ አፋቸውን ከፍተው ለነገሡት፤ ዘመናቸው ይርዘም፣ ውኃቸውም ለብ ያለ ይሁን።