ዳገት የወጣው ሐይቅ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የቤት ውስጥ ውሃ ግን አያሳስቅም፤ ከሴራሚክ ጀርባ ተደብቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሥራውን ይሠራል። እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች ደግሞ ለእርጥበት ሁሉ የተዘጋጀ ተከሳሽ አለን። ግድግዳ ሲሻግት ሐይቁ ነው። ጉልበት ሲቆረጥም ሐይቁ ነው። እርስዎም መጥተው ቢከርሙ እንደዚያው ይላሉ።

ጎረቤቴ ሰይድ፣ እህቱ ዘሃራ ዓረብ አገር ሠርታ በምትልከው ገንዘብ ዳገቱ ላይ ቤት ሠራላት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በላዩ ሲሚንቶ ተለስኗል። መታጠቢያ ቤቱን ለኢድ በስልክ ላሳያት ብሎ ስለቸኮለ፣ ቧንቧው ውሃ ሞልቶበት ሳይፈተሽ ሴራሚክ ተለጠፈበት። አማረ። ዘሃራም አይታ አለቀሰች አሉ።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የእናታቸው የእትየ ፋጡማ መኝታ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰፌድ የሚያህል እድፍ ወጣበት። ሰይድ ቀለም ቀባው። እድፉ ተመለሰ። ቁም ሳጥን አስጠጋበት።

"ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ያልበዋል" አሉት እናቱ።

"አብሽሪ እማየ፣ ሐይቁ ነው።"

ሐይቁ ከዳገቱ ግርጌ ነው። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ስላላየሁ፣ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተን ቆጣሪውን እንይ አልኩት። አየን። ማንም ውሃ ሳይቀዳ ቆጣሪው ይዞራል። ቆጣሪ እንደ ሰው ሐይቁን አያማም።

"ሴራሚኩን አስነሳው" አልኩት።

"ወላሂ አልነካውም! እህቴ የሰው መታጠቢያ ቤት እየፈተገች ያሠራችውን? ምን አድርጋዎት ነው ጋሼ?"

ዘሃራ "ከእንግዲህ አልሄድም" ብላ፣ የጨርቅ ሱቅ መክፈቻ ገንዘብ ቋጥራ ተመለሰች። ልብሷን ልትሰቅል ቁም ሳጥኑን ሳብ ብታደርገው ጀርባው በስብሶ ኖሮ እጇ ላይ ቀረ። ከኋላው ልስኑ ተላጠ፤ ጭቃው ተከተለ፤ ማገሩ እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ቧንቧው እዚያው ተጋልጦ ይንጠባጠባል።

"የላክሁልህን ስታሳየኝ፣ ይሄን ምነው ደበቅኸኝ?" አለችው።

ሱቁ ግድግዳ ሆነ። ለግድግዳውም ገንዘቡ አልበቃ አለ። ዘሃራ ሻንጣዋን እንደገና አሰረች፤ የሰው መታጠቢያ ቤት ወደምትፈትግበት።

በሄደች ማግስት ሰይድን ደጃፉ ላይ ጎረቤት ከቦት አገኘሁት። ምነው ልጅቱ ሳትቆይ ተመልሳ ሄደች ይሉታል።

"አየሩ አልተስማማትም" አለ፤ እኔን ሳያይ። "ሐይቁ ነው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቁልቁል አየሁ። ሐይቁ ቦታው ላይ ነበር።