ሦስት ብርጭቆ አየር

ቢሻው ከሻይ ቤቱ ሊወጣ የተነሳ አንድ አስተማሪን ክንዱን ይዞ መልሶ አስቀመጠውና ሦስት ብርጭቆ ፊቱ ደረደረ።

"ይህ ሻይ ተራው አየር ነው። ጠልቀህ ስትወርድ ናይትሮጅኑ እንደ አረቄ ያሰክርሃል። ይህ ስፕሪስ ኦክስጅን የተጨመረበት ነው፤ ብዙ ያቆይሃል፣ በጣም ከወረድክ ግን ጠላትህ ነው። ይህ ባዶው ሂሊየም ነው። አያሰክርም፤ ድምፅህን ግን የጫጩት ያደርገዋል።"

"ጓድ አድሚራል፣ ባዶውን ልጠበው?" አለች እናኑ ከባንኮኒው ኋላ።

"ሂሊየሜን አትንኪ።"

የሌላትን ነገር የሚያስተምር አንድ ሰው የሌላት ከተማ የለችም። ጎንደር ባሕር አልነበራትም፤ ቢሻው ግን ነበራት። ምጽዋ በባሕር ኃይል ጠላቂነት አገልግሎ፣ ቀኝ ጆሮው ሲደነቁር የተሰናበተ ሰው ነው። ፒያሳ ካለችው የእናኑ ሻይ ቤት ግን የሚያሰናብተው አልተገኘም። እናኑ ከእሱ ትምህርት የስኳር ወረፋ ወሬ ይሻላት ነበር።

ጥር ላይ ዳኛው የሚባለው የእናኑ ወንድም ጎርጎራ ላይ በጀልባ ሲያሻግረው የነበረው የገበሬ ማኅበሩ የውኃ ፓምፕ ጣና ውስጥ ገባበት። ካድሬው ጓድ ታከለ "አሻጥር ነው" ብሎ አሰረው። ፓምፑ እስከ ቅዳሜ ካልወጣ ወደ ከተማው እስር ቤት ይላካል። በዚያ ዓመት ከዚያ የሚመለስ ጥቂት ነበር።

እናኑ ሻይ ቤቱን ዘግታ ቢሻውን ይዛ ወረደች። ታከለ ከጋራዥ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር አስመጥቶ ጠበቃቸው።

"ይኸው ኦክስጅን። ጥለቅ።"

"ይህ ንጹሕ ነው ጓድ። ከአምስት ሰው ቁመት በታች ያንዘፈዝፋል፤ የተንዘፈዘፈ ደግሞ ይሰጥማል።"

"ታዲያ ቀይጠው።"

"በምን? ሂሊየም ቢኖር እኮ . . ."

"አያ ቢሻው" አለች እናኑ። አድሚራል ሳትል ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። "ወንድሜ ነው። ምነው ዝም ብለህ ብትወርድ?"

ቢሻው ዝም አለ። ይህም የመጀመሪያው ነበር። ሱሪውን አውልቆ አጣጠፈ፣ የገመዱን ጫፍ ያዘ፣ አየር ሳበና ወረደ። ባዶ እጁን ወጣ፤ ደግሞ ወረደ። በመጨረሻ ሲወጣ ገመዱ ፓምፑ ላይ ታስሮ ነበር። ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል።

"ሰከርክ?" አለችው።

"በአንድ ሳንባ ተራ አየር ማን ይሰክራል?" አለና፣ ሰዎቹ ገመዱን ሲጎትቱ ምክንያቱን ለታከለ ማስረዳት ጀመረ።

ዳኛው በማግስቱ ተፈታ።

አሁን እናኑ ጠዋት ጠዋት ሦስቱን ብርጭቆዎች ራሷ ትደረድራለች፤ ባዶውንም አጥባ። "ሂሊየሙን ላንሳው?" ትለዋለች እንደ ልማዷ። አይመልስላትም። ከጎርጎራ ወዲህ ግራ ጆሮውም ቀስ በቀስ ደንቁሯል።