የሴት ልብ አዋቂው አቶ አለምብርሃን

በየከተማው የሴት ልብ አውቃለሁ የሚል አንድ ወንድ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ላጤ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ በንጉሡ ዘመን፣ ሙቀቱ ያነሰን ይመስል፣ አቶ አለምብርሃንን ሰጥታን ነበር።

እኔ የሺመቤት እባላለሁ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሻሂ ቤት ከፍቼ ነበር። ክቡር አቶ አለምብርሃን የባቡር ጥገና ሠራተኛ ናቸው። ከሥራ መልስ ጥግ ያለችውን ወንበር ይይዙና በዘይት የጠቆረ እጃቸውን እያወራጩ ጎረምሶቹን ያስተምራሉ።

"ሴት ዝም ካለች ወዳለች። እምቢ ካለች ደግሞ ጨርሳ ወዳለች።"

አንድ ቀን ሻሂ እየቀዳሁ "እሺ ብትልስ?" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና "እሺ የምትል ሴት ታስፈራለች" አሉኝ።

ሽቶ ስለምትቀባ ሴት አስተያየት አላቸው፤ ስለማትቀባውም አላቸው። ወንድ ፍቅሩን ከተናገረ ተዋረደ፣ ሴት ከተናገረች ባለገች ይላሉ። "ታዲያ ማን ይናገር?" ብዬ ስጠይቅ ሻሂው ቀዘቀዘ ይሉኛል።

እኛ እንስቅ ነበር። ቡራሌ ግን አልሳቀም። ቡራሌ አብሯቸው የሚሠራ ግዙፍ ጎልማሳ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠውን ኡባህን ወድዶ ነበር። ኡባህ አልፈልግህም ብላዋለች።

"እንግዲያው ተከተላታ" አሉት አቶ አለምብርሃን። "ፊት ስትነሳህ እኮ እያየችህ ነው።"

ተከተላት። ጠዋት መደቧ ፊት ይገተራል፣ ወደ ቤት ስትሄድ ከኋላዋ ይሄዳል። ኡባህ መንገድ ቀየረች፤ እሱም ቀየረ።

አንድ አመሻሽ ላይ ኡባህ በሩጫ ሻሂ ቤቴ ገባች። ሻርፗ ተጎትቶ ተቀዷል፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ከኋላዋ ቡራሌ በሩን ሞልቶ ቆመ። የፈላ ውሃ ያለበትን ማንቆርቆሪያ አንስቼ መካከላቸው ገባሁ። ልደፋበት ወስኜ ነበር።

"የሴት ልብ የሚያውቀው ማነው?" አለች ኡባህ።

ሁሉም ወደ ጥጉ አየ።

"በሶማሊኛ እምቢ አልኩት። በኦሮምኛም አልኩት። ይኸው በአማርኛ እላለሁ። ሌላ በምን ቋንቋ ልበለው?"

ቡራሌ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ "ጋሼ አለም፣ ትወድሃለች ብለኸኛል። ንገራት" አለ።

አቶ አለምብርሃን ተነሡ። ቡራሌ እጁን ጨብጧል፤ እሳቸው ደረቱ ጋ እንኳ አይደርሱም። ሄደው ፊቱ ቆሙና ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ "ዋሽቼህ ነው" አሉት። "እኔን ሴት እምቢ ብላኝ አታውቅም። ጠይቄ አላውቅማ። እፈራለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ሊመታቸው ነው ብዬ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አደረግኩ። ቡራሌ ግን ኡባህን አያት፤ የተቀደደውን ሻርፕ፣ ባዶ እግሯን አየ።

"እኔን ነው የምትፈሪው?" አላት።

"አዎ፣ አንተን ነው።"

የጨበጠው እጁ ተፈታ። ዞሮ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በመደቧ በኩል አላለፈም። ኡባህን እኔው ቤቷ አደረስኳት።

አቶ አለምብርሃንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሂ ቤቴን ተዉት። ጎረምሶቹ ስለ ኳስ ያወሩ ጀመር። ሰላም ሆነ። ሰላሙ ግን ለእኔ አልተስማማኝም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። በመጨረሻ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ሸሚዝ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አንቱታውን በራቸው ላይ ተውኩት።

"ናፍቀኸኛል" አልኩት። "ባገባህ ደስ ይለኛል። አንተስ?"

ሸሚዙ ከእጁ ወደቀ። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ምን እንደሚል አላጠናም ኖሯል፤ አረፋ በነካው እጁ ግንባሩን ጠረገና፣ "ላስብበት?" አለኝ።

"አስብበት።"

ሌላ ትርጉም ሳልሰጠው ቃሉን እንዳለ ወስጄ ጠበቅኩ። መጠበቅ እንዲህ የሚያሳምም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሻሂ ውስጥ ጨው ጨምሬ ደንበኛ አስቀይሜያለሁ።

አንድ ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ መጣ። ሰዉ ሁሉ እያየው መሃል ቤት ቆመ።

"አሁንም እፈራለሁ" አለኝ። "ግን እፈልግሻለሁ። ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ሻሂ ቀዳሁለት። ሊጠጣ ሲል ኮቱ ላይ አፈሰሰው። ብርጭቆውን ተቀብዬ ያዝኩለት፤ ቀስ ብሎ ጠጣ።