የዓሣ ገንዳው ጠርሙስ ማታ ማታ በማን ይከፈት?

የሺያምባዛር ሠፈር «የወጣቶች አንድነት» ክበብ ኮሚቴ፣ በቤንጋሎች የብርድ ወር በፖውሽ ሁለተኛ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ካልካታ፣ በክበቡ ክፍል ከዓሣ ገንዳው ፊት ለፊት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ።

የተገኙ፦ አቶ ቦቦቶሽ ላሂሪ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ጎኩል ናንዲ (ገንዘብ ያዥ)፣ አቶ ኦኒል ሶም (ጡረተኛ መድኃኒት ቀማሚ)፣ ጸሐፊው እኔ ኒሺካንቶ ፓል። ከወጣቶቹ መካከል ከስልሳ ዓመት በታች የሆነ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ጠርሙሱ በየሁለት ቀኑ መታደስ ከጀመረ ወዲህ ጎድሎ አያውቅም።

በተጨማሪ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሾይሎባላ ደቭ ተገኝተዋል። ሁላችንም «ማሺማ»፣ አክስቴ፣ ነው የምንላቸው። ክፍሉን በነፃ የሰጡን፣ ሟች ባለቤታቸው በገንዳው የተከሏቸው እፅዋት እንዳይደርቁ፣ ዓሦቹም እንዳይሞቱ ቃል አስገብተውን ነው። ዛሬ የመጡት የበሩን ቁልፍ ይዘው ነው።

አጀንዳ 1፦ ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ስለመክፈታቸው

አቶ ኦኒል እንዳስረዱት፣ የውሃ ውስጥ እፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመገባሉ። ለዚህም ውሃ፣ እርሾና ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ተበጥብጦ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው ይገባል። ሲጨልም ግን እፅዋቱ መመገብ ስለሚያቆሙ ጋዙ ዓሦቹን ያፍናል። ማሺማ «ይሄን ሁሉ እያወቅክ ዝም አልክ? ዓሣው ሲታነቅ እያየህ?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ኦኒል መነጽራቸውን ጠረጉ።

አጀንዳ 2፦ ጠርሙሱ በየሁለት ቀኑ ስለሚታደስበት ምክንያት

ማሺማ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ያገለግል እንደነበር አስታወሱ። አቶ ጎኩል ብርዱ ገብቶ አዲሱ ጉር፣ ያ ቡናማው የዘንባባ ስኳር፣ ስለደረሰ በነጩ ስኳር ምትክ እሱ እንደገባ ገለጹ፤ «እፅዋቱም የቤንጋል ልጆች ናቸው እኮ ማሺማ፣ ጣፋጭ ይወዳሉ!» አሉ። ማሺማ ጠርሙሱን አሸተቱ። ቀጥለውም አቶ ጎኩልን አሸተቱ።

በተደረገው ማጣራት ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ እንደሚያሰክር፣ በከንቱ እንዳይደፋም አባላት ኃላፊነታቸውን ሲወጡ መክረማቸው፣ እፅዋቱ እንዲህ የለመለሙትም በኮሚቴው ጥም መሆኑ ታወቀ። ጸሐፊው የቀመሰው ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ነው። ሰብሳቢው «ሦስት ኩባያ ማረጋገጥ!» በማለታቸው፣ ይህ እንዳይመዘገብ ጠይቄ በድምፅ ብልጫ ተሸንፌያለሁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦

ሀ) ከእንግዲህ ነጭ ስኳር ብቻ እንዲገባ፤
ለ) ማንም አባል ፈሳሹን እንዳይቀምስ፤
ሐ) አንድ አባል በየምሽቱ ክዳኑን እየከፈተ ጋዙን ውጭ እንዲለቅ ተወሰነ።

ለ«ሐ» ፈቃደኛ ሲጠየቅ፣ ገንዳ እጠቡ ሲባሉ ወገባቸውን የሚያማቸው ሁሉ እጅ አወጡ። አቶ ጎኩል ሁለቱንም አወጡ። ሰብሳቢው «ለአንተ ጠርሙስ መስጠት ድመትን ዓሣ ጠብቂ ማለት ነው» ቢሏቸው፣ አቶ ጎኩል «አንተስ ዳዳ፣ ታላቅ ወንድሜ? ትናንት ከባዶ ወንበር ጋር ካርታ ስትጫወት አልነበር? ያውም ተሸንፈህ!» ሲሉ መለሱ።

ማሺማ ተነሡ። «አንድ ዓሣ ቢሞት ክፍሉን እዘጋዋለሁ። ከባለቤቴ የቀረኝ ይሄ ገንዳ ብቻ ነው» አሉ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ጸሐፊው አፍሯል፤ ይመዝገብ። እሳቸውም ቱቦውን ነቅለው፣ «እኔው እከፍተዋለሁ። ማታ እኔ ጋ ያድራል፣ ጠዋት ይመለሳል» ብለው ጠርሙሱን ታቅፈው ወደ ፎቅ ወጡ።

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲነበብ ከፎቅ ዘፈን ተሰማ። ሟቹ ገንዳውን ሲያጥቡ የሚያንጎራጉሩት የጀልባ ዘፈን ነበር፤ ማሺማ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ዘፍነው አያውቁም። አቶ ጎኩል ዓይናቸውን በመሐረብ ያዙ። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ተከፈተና «ጎኩል! ነገ ነጭ ስኳር ብታስገባ ወዮልህ! ጉር! ደህና አድርገህ!» የሚል መመሪያ ወረደ።

ስለሆነም «ሀ» እና «ለ» ተሽረዋል። «ሐ» ከኮሚቴው ሥልጣን ውጭ ሆኗል። ወይዘሮ ሾይሎባላም በሌሉበት፣ እየዘፈኑ ሳሉ፣ በሙሉ ድምፅ የኮሚቴው አባል ሆነው ተመርጠው ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተበትኗል።