አባ ይማም የተረጎሙልኝ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡኝ... እኔም አለሁበት። ለዚያውም እንጀራዬ እሱ ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ከክሊኒክ ክሊኒክ፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየዞርኩ ለወገኖቼ አስተረጉማለሁ።

ነገሩ የሆነው ኤግሊንተን ዌስት ለባቡር መስመር ተቆፍሮ፣ አውቶቡሱ እኛን ተሸክሞ በሚያዘግምበት ሰሞን ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ዘይነብ ስኮትላንድ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽዬ ከተማ ነርስ ናት። «አባባ ናፈቀኝ፣ አምጡልኝ» ብላ አስጨነቀችን። ባለቤቴ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች አባትየውን ይዞ መሄድ እኔ ላይ ወደቀ።

አባ ይማም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያረቡና ሲነግዱ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጋ ቶሮንቶ ካመጣቻቸው ዓመት አልሞላቸውም። እንግሊዝኛቸው «ኦኬ» ብቻ ናት፤ «ኖ» ላይ ገና አልደረሱም።

«ቋንቋውን ለእኔ ይተዉት አባባ!» አልኳቸው አውሮፕላን ውስጥ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም...

ከተማዋ አንድ መንገድ፣ ጥቂት የድንጋይ ቤቶችና የማያባራ ካፊያ ናት። በመጀመሪያው ጠዋት ዳቦ ቤት ገብተን ሁለት ዳቦ ጠየቅኩ። ሻጯ አንድ ነገር አለችኝ። እመኑኝ፣ እንግሊዝኛ አልመሰለኝም! «የስ» አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። «የስ፣ የስ!» ስድስት ዳቦ፣ ሻማና «መልካም ልደት» የተጻፈበት ኬክ ታቅፈን ወጣን።

«ማን ተወልዶ ነው?» አሉኝ አባ ይማም ሻማውን አይተው።

«የአገሩ ባህል ነው፤ ለእንግዳ ይሰጣሉ።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

በማግስቱ ዘይነብ ሺፍት ስለነበራት «ገጠሩን አሳየው» ብላኝ ሄደች። መኪና ሬንት አደረግኩና በግራ በኩል እየነዳሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ ወጣን። አባ ይማም ግን መስኮቱን ከፍተው ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። «አንተዬ፣ ይኼ ሁሉ ሣር! በላተኛ ያጣ ሣር እኮ ነው!» ጸጉሯ ዓይኗ ላይ የተደፋ ቀይ ላም ሲያዩማ «ይቺስ መንገዱን በምን ታየዋለች?» እያሉ ሳቁ።

ከኮረብታው ሥር አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገዱ መሀል ቆሞ እጁን እያወዛወዘ አስቆመን። መስኮቴ ላይ ተደፍቶ ቃላቱን እንደ በረዶ አወረደብኝ። ጆሮዬ የያዘው «ኩ! ኩ!» የምትል ድምፅ ብቻ ናት።

«የስ! ቬሪ ቢዩቲፉል!» አልኩት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ማርሽ አስገባሁ።

«ምን አለ?» አሉ አባ ይማም።

«አካባቢው ርግብ ይበዛበታል፣ እዩልኝ ነው የሚለው።»

«ምን ርግብ አመጣው! እጁን አታየውም? እስከ ክርኑ ደም ነው! ላም ምጥ ይዟት ነው፤ አቁም!»

እኔ አፉን ሳይ እጁን አላየሁም ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል፤ እኔ ግን ላሟ በዋለችበትም መልቀም አቃተኝ! ለካ በዚያ አገር አነጋገር ላም «ኩ» ናት...

በረት ውስጥ ላሟ ተዘርራ ታቃስታለች። የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቷል። አባ ይማም ኮታቸውን ለእኔ ወርውረው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው «ቢስሚላህ» ብለው ገቡበት።

«አንደኛው እግር ታጥፎ ቀርቷል» አሉ በአማርኛ። ገበሬው በራሱ ቋንቋ መለሰላቸው። «እሱን ነው የምልህ! ቆይ፣ ስታምጥ ነው የምንስበው» አሉት። ሰውዬውም ቆየ! ላሟ ስታምጥ... ሳቡ። ጥጃው ዱብ አለ፤ ግን አይተነፍስም። ገበሬው ፊቱን አዞረ። አባ ይማም ጭድ አንስተው አፍንጫው ውስጥ ሰደዱ፤ ጎኑን ፈተጉት። እኔ ኮት አቅፌ እጸልያለሁ። ጥጃው አነጠሰ!

ሁለቱ ሽማግሌዎች ደም በደም እንደሆኑ ተቃቀፉ።

የእኔ ስልክ ኔትወርክ ስላልነበረው እንድታስተረጉምልን በገበሬው የቤት ስልክ ለዘይነብ ደወልኩላት። ከሥራ ወጥታ እስክትመጣ ገበሬው ሻይ አፍልቶልን፣ ሁለቱ ያወራሉ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በዚያ በራሱ። አባ ይማም አልፎ አልፎ ወደ እኔ ዘወር እያሉ ያስተረጉሙልኛል።

«ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው ይልሃል። ላሟ የእሷ ነበረች።»

«እንዴት ገባዎት?»

«ግድግዳው ላይ ፎቶዋን አሳየኝ፤ ከዚያ ላሟን፤ ከዚያ ሁለት ጣት አውጥቶ መሬት መሬቱን አየ። ሌላ ምን ይበል?»

ዘይነብ ስትመጣ ገበሬው በር ላይ ይዟት ብዙ አወራት። የሚስቱ ነገር፣ ላሟ፣ ሁለቱ ዓመት... አባ ይማም እንዳሉት ነው፣ አንድም አልተሳሳቱም። በመጨረሻ ግን ወደ እኔ እያየ አንድ ነገር ሲላት ልጅቷ በሳቅ ፍርፍር አለች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«አባትሽ ጥሩ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ሁሉም ገብቶኛል። ያኛው ግን፣ ምስኪን፣ ቋንቋ የሚችል አይመስለኝም... አገሩ የት ነው? ይላል።»

አባ ይማም ይህንንም ሳይተረጎምላቸው ተረዱት መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ።»