በሰው ሰርግ ቢሾፍቱ

ቅናት የድሃ በሽታ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ሀብታምም ይቀናል፤ ልዩነቱ እሱ የቀናበትን ነገር ሄዶ ይገዛል፣ እኛ ደግሞ ከነቅናታችን ተሰልፈን ታክሲ እንጠብቃለን። እኔ ለነገሩ በተፈጥሮዬ ቀናተኛ አልነበርኩም። ያበላሸኝ ጎረቤቴ ሰብስቤ ነው።

ሰብስቤ ኮልፌ ውስጥ የብረት በር ይበይዳል፤ እኔ እዚያው ጎኑ ጫማ እሸጣለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አብረን ነው የምናዛጋው። ታዲያ ይህ አብሮኝ የሚያዛጋ ሰው እሁድ እሁድ ሚስቱን ጥሩነሽን ይዞ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚያስከፍል የሚመስል ሪዞርት ውስጥ ይዝናናል። ሰኞ ጠዋት ፎቶው ለኔ ሚስት ለወይንሸት ይታያል። ሌላው ሰው ሐይቅ ዳር በቁምጣ ነው የሚቀመጠው፤ ሰብስቤ በሙሉ ሱፍና በከረባት፣ ጥሩነሽ በሀበሻ ቀሚስ። ክብር ማለት ይሄ ነው ብዬ ቀናሁ። ጾም ሲገባ ደግሞ ጭራሽ አይሄዱም። በሃይማኖተኛነታቸውም ቀናሁ።

ወይንሸት አትጨቀጭቅም። ፎቶውን አይታ «ጥሩነሽ ታድላ» ትልና ዝም ትላለች። እንዲህ ያለ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያገባ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ እሁድ ዋጋውን አስቀድሜ ልሰልል ብዬ ተነሳሁ። ለልጄ ምርቃት ያሰፋሁትን ሱፍ ለበስኩ፤ ሰብስቤ በሱፍ የሚገባበት ቦታ እኔ በሹራብ ልሂድ? ወይንሸትን ዘነበወርቅ ለቅሶ አለብኝ አልኳት። እግዜር ይማረው አለች።

የሪዞርቱ ዘበኛ የመግቢያውን ዋጋ ሲነግረኝ ያልሰማሁ መስዬ ደግሜ ጠየቅኩት፤ ያንኑ ደገመልኝ። ልጄ፣ ሐይቁን ልገዛው ሳይሆን ላየው ነው የመጣሁት አልኩት። ለማየትም ያው ነው አለኝ። ፊቴን ወደ መጣሁበት ሳዞር ጥሩምባው እየጮኸ የሰርግ መኪና ተግተለተለ። ከአውቶቡስ አንዲት ግርማ ያላቸው ሴትዮ ወረዱና ሱፌን አይተው «ውይ በሞትኩት፣ እርስዎን እዚህ ፀሐይ ላይ አቁመዋቸው!» ብለው ክንዴን ያዙኝ። እምቢ ማለት ይቻላል? ዘበኛው ራሱ ጎንበስ ብሎ አሳለፈኝ።

በሀገራችን ሰርግ ላይ «ማን ጠራህ?» ብሎ መጠየቅ ከሌብነት የከፋ ነውር ነው። የወንዱ ወገን የሴቷ ዘመድ ነው ይላል፣ የሴቷ ወገን የወንዱ፤ መካከል ላይ እኔ ጥብሴን እበላለሁ። ሐይቁስ? እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ነፋሱ ራሱ የኛን ሰፈር ነፋስ አይመስልም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰብስቤ ይሄን ሲያይ ነበር?

ያኔ ነው ሽማግሌ ተነስቶ ይመርቅ የተባለው። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ትዳራችሁ ይባረክ፣ ዘራችሁ ይብዛ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አሜን ልል አፌን ስከፍት ድምፁን አወቅኩት። ሰብስቤ ነው። ጥሩነሽም ከሙሽራዋ አክስቶች መካከል ቆማ እልል ትላለች።

አየኝ። አልደነገጠም። ምርቃቱን ጨርሶ ቀስ ብሎ መጣና ከየትኛው ወገን ነህ አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። «ጀማሪ ነህ» አለኝ። «የወንድ ወገን ነኝ በል፤ ሴቶቹ ዘር ይቆጥራሉ።» ቀጥሎም ከአንድ ሰፈር የመጣ ሰው ከሦስት ከበለጠ ያስነቃል፣ ሰው ይዘህ እንዳትመጣ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እንግዲህ ቅናቴ እዚያው ሞተ ትሉ ይሆናል። ጭራሽ ባሰበት። ድሮ የቀናሁት በገንዘቡ ነበር፤ ለገንዘብ ቢያንስ ሎተሪ አለ። አሁን የቀናሁት በምርቃቱ ነው። የሙሽራው እናት አልቅሰው ኬክ በእጃቸው ጠቅልለው ሲሰጡት በዓይኔ አይቻለሁ። ለኔ ማንም ምንም አልጠቀለለልኝም።

በመንገድ ላይ ለወይንሸት የምነግራትን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ። ኮልፌ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። እንዴት አወቅህ ብትለኝ ምን ልላት ነው? እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ወይንሸት የሀበሻ ቀሚሷን ትተኩሳለች። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ። እነሰብስቤ ነገ ቢሾፍቱ ሊወስዷት ነው። በሀገር ልብስ ለመጣ ሰው እዚያ ልዩ ክብር አለ ብላታለች ጥሩነሽ። አፌን ለማስያዝ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። እኔስ ልምጣ አልኳት፣ ድምፄ ትንሽ ተሰብሮ። ሰብስቤን ጠይቄው ነበር አለችኝ፣ ካውያውን ሳታቆም።

«ሦስት ሰው ነው የሚቻለው አለ።»