ኢንጂነር ብርቄና ተራራ ያጣው ብስክሌት

ኩዌት ውስጥ ሐበሾች ተጋርተው የሚከራዩት ቤት ሁሉ አንድ አሻሻይ አያጣም። አሻሻይ ማለት ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ ዕረፍት የሚያጣ ፍጡር ነው። አንዷ ስልኳን ታሻሽላለች፣ አንዷ ጸጉሯን፣ አንዷ ደግሞ አገር ቤት ያለ እጮኛዋን በስልክ ታሻሽላለች። ሳልሚያ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሐረገወይን የደረሰቻት አሻሻይ ግን ብስክሌት ነበር የምታሻሽለው።

የክብርት ኢንጂነር ብርቄ ታሪክ የሚጀምረው ሚሽሪፍ ሰፈር ነው። ማዕረጉን የሰጠቻት አብራት የምትኖረው ሐረገወይን ናት እንጂ ብርቄ ከቤት ቤት እየዞረች በሰዓት የምትከፈል የፓርት ታይም ጽዳት ሠራተኛ ናት። ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በዚያ በሚያነደው ነሐሴ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን እየጣሉ ወደየአገራቸው ተመሙ። ብርቄ የምታጸዳላቸው ባልና ሚስትም ተነሡ። ሚስትየዋ፣ "ከዚህ ሁሉ የወደድሽውን አንድ ነገር ውሰጂ" አለቻት። ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ነበረ። አዲስ የሚባል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረ። ብርቄ ቤቱን ዞራ ዞራ አየችና በረንዳ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመውን የባልየውን የተራራ ብስክሌት ይዛ ወጣች።

ሐረገወይን በዚያን ቀን ቦታ ጠርጋ፣ ወለሉን ወልውላ ፍሪጅ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። በተጠረገው ቦታ ብስክሌቱ ቆመበት።

"ተራራ ላይ የሚነዳ ነው" አለች ብርቄ ጎማውን እየደባበሰች።

"ተራራው የታለ?"

"ሙትላ ነዋ!"

ሙትላ ከጀህራ ከተማ ወዲያ ያለ የድንጋይ ሸንተረር ነው። አገሩ በሙሉ እንደ ትሪ ዝርግ ሆኖ እሱ ብቻ ትንሽ ቀና ስላለ ይከበራል። ሁለቱ ሴቶች በተወለዱበት በሰሜን ሸዋ ቢሆን ኖሮ ስም የሚያወጣለት እንኳ አያገኝም ነበር። ለብርቄ ግን በቂ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቧ ሁሉ ብስክሌቱን ለሙትላ ማድረስ ሆነ። ብስክሌቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀረዋል።

መጀመሪያ የቀረው ጎማ ነበር። ውስጡ የሚነፋ ከመነዳሪ የማይፈልግ ጎማ አለ አለች ብርቄ፤ ውስጡ እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ሚስማር ሲወጋው ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል። ሁለቱም ቅዳሜን ሻወር ቤት ውስጥ ከጎማ ጋር ሲታገሉ ዋሉ። ወተቱ ፈንጥቆ የነካው የሐረገወይን ፎጣ ደርቆ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ቆመ። "አሁን ገና ብስክሌት ሆነ!" አለች ብርቄ ላቧን እየጠረገች። ታዲያ እስከ ዛሬ ከአልጋዬ አጠገብ የቆመው ምን ነበር ብላ ሐረገወይን አልጠየቀችም። ብትጠይቅ መልሱ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃለች።

ቀጥሎ የመሪው እጀታ ተራ ደረሰ። ለካ አዲስ እጀታ ሲገባ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የጸጉር ስፕሬይ ኖሯል! የት እንዳነበበችው እንጃ። ሐረገወይን የምትሠራበት የውበት ሳሎን በኮሮና ሲዘጋ በቦርሳዋ ይዛ የወጣችው አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ በሙሉ ብስክሌቱ ላይ አለቀ። "አሁን ገና ብስክሌት ሆነ!"

ከዚያ ራይ ከሚባለው የገበያ ሰፈር አንድ ጉደኛ ኮርቻ መጣ። መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣት ሲጫኗት ሰው ተሸክሞ ዝቅ ይላል፤ እንደገና ሲጫኗት ሽቅብ ይነሣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻይ ከመቅረቡ በፊት ኮርቻው ይታያል። አሥር ጊዜ ዝቅ ይላል፣ አሥር ጊዜ ይነሣል። እንግዳው ቆሞ ነው የሚያየው፤ ወንበሩ ላይ የብስክሌቱ የድሮ ዕቃ ተከምሯል።

የሻንጣ ሚዛኑስ? አገር ቤት የሚሄድ ሁሉ ኪሎውን የሚለካበት፣ ሕንፃው ውስጥ ያሉ ሐበሾች የሚዋዋሱት ሚዛን ነበር። ብርቄ በሩ ላይ በገመድ አስራ ብስክሌቱን ሰቀለችበትና፣ "አሥራ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ!" ብላ ጮኸች። ፔዳሉን በቀላል ለውጣ ከወር በኋላ ስትመዝነው አሥራ ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆኖ ተገኘ። ሦስት መቶ ግራም ቀነሰ ብላ ሁለት ቀን ስትፈነድቅ ሰነበተች። ሐረገወይን በዚያ ሥራ በሌለበት ዓመት የጨመረችውን ስድስት ኪሎ ማንም አላነሣላትም።

እንዲህ ተለፍቶበት ግን ብስክሌቱ ሙትላን አላየም። ንዝረት የሚውጠው የፊት ሞላው የሚፈተነው ከሕንፃው ጀርባ በመኪና ማቆሚያው፣ መኪኖች እንዳይፈጥኑ በተሠራች አንዲት ጉብታ ላይ ነው። ክብርት ኢንጂነር ሄልሜት ደፍታ፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ ታጥቃ፣ ቁመቷ ከጫማ የማይበልጥ ጉብታ ላይ ስትመላለስ የሕንፃው ጠባቂ ወንበር አውጥቶ ይመለከታል። ሐረገወይን ደግሞ መጋረጃውን ትዘጋለች።

ታፍር ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሌሎች ከሄዱ አሠሪዎቻቸው ሶፋና ቴሌቪዥን ይዘው ገቡ፤ የእሷ ጓደኛ ብስክሌት ይዛ ገባች። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ፣ "ያቺ በብረት ላይ የምትዘለው እንዴት ናት?" እያሉ ሲሳሳቁባት አብራ ትስቃለች። ቤት ስትመለስ ብርቄ ያቆየችላትን ምሳ እየበላች መልሳ ታፍራለች።

በኮሮና ሁለተኛ ዓመት መጋቢት ላይ እንደገና የሰዓት እላፊ ታወጀ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ማንም ከቤት አይወጣም። ብቻ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት በየሰፈሩ በእግር መንሸራሸር ተፈቀደ። በእግር ብቻ ነው፤ ብስክሌት አይነዳም ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ብስክሌቱን ቤት ይተወዋል። ብርቄ ግን እንደ በሬ እየነዳች ይዛው ወረደች። "አልተቀመጥኩበትም! እሱም እንደኔ በእግሩ ነው" አለች።

በሦስተኛው ቀን አብረው ሲወጡ መግቢያው ደረጃ ላይ፣ "ቦርሳሽን ስጪኝ" አለቻት። "ክብደት ሲያርፍበት ሞላው ምን ያህል እንደሚሰምጥ ልይ።" ሐረገወይን ቦርሳዋን መሪው ላይ አንጠለጠለችላት። ስልኳ፣ ቁልፏና በጣቃ የሚሉት የመኖሪያ መታወቂያዋ ውስጡ ናቸው።

መንገዱ ማስክ ባጠለቀ ሕዝብ ሞልቷል። ማዕዘኑ ጋ ሐረገወይን መሕቡባን አየቻት። መሕቡባ ሰፊ ሳሎን የምታስተዳድር፣ የተከበረች ሴት ናት፤ ሳሎን ሲከፈት እወስድሻለሁ ብላታለች። ሐረገወይን እርምጃዋን አፈጠነች። ብርቄንና ብስክሌቱን ከኋላ ጥላ ብቻዋን እንደ መጣች ሰው ቀረበች።

"ደህና ነሽ ሐረግዬ?" አለቻት መሕቡባ። ቀጥላም በአገጯ ወደ ኋላ እያመለከተች፣ "ያቺ ብስክሌት የምትገፋው ያንቺ ሰው ናት እንዴ? ከአንድ በር ስትወጡ ያየሁ መሰለኝ።"

"ኧረ አላውቃትም!" አለች ሐረገወይን ዞር እንኳ ሳትል። "በር ላይ ተገጣጥመን ነው እንጂ፣ እትዬ መሕቡባ።"

ከኋላዋ የብርቄ የጎማ ፓምፕ ፊስ ፊስ ሲል ይሰማ ነበር። ድንገት ዝም አለ። ሐረገወይን ዞር ስትል ብርቄ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ጎማው ሥር ተቀምጣለች፤ ደርሳባቸው ኖሯል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በዚህ መሀል የፖሊስ መኪና ቀስ ብላ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። አንድ ወጣት ፖሊስ ወረደና "በጣቃ!" አለ። መሕቡባ መታወቂያዋን አሳየችው። ሐረገወይን እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ ቦርሳ የለም። በእላፊ ሰዓት ያለ በጣቃ የተገኘ ሰው በዚያች መኪና ተጭኖ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። "ቦርሳዬ... እሷ ጋ ነው" ብላ በተሰባበረ ዐረብኛ ጠቆመች።

ፖሊሱ ብስክሌቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳ አየ። ወደ ብርቄ ሄደና በዐረብኛ፣ "ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?" አላት።

ብርቄ ፓምፑን እንደ ያዘች ቀና አለች። ከማስኩ በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፤ ሐረገወይን ያንን ዓይን ማየት አቅቷት ጫማዋ ላይ አቀረቀረች። አላውቃትም ብትል ማን ይፈርድባታል? ቃሉን ያስተማረቻት ራሷ ሐረገወይን ናት።

"አዎ" አለች ብርቄ። "ኡኽቲ።" እህቴ ናት ማለቷ ነው።

ቦርሳውን አውርዳ ለሐረገወይን ሰጠቻት። ፖሊሱ በጣቃውን አይቶ መለሰና ሄደ።

"እንዴ! አላውቃትም አላልሽኝም?" አለች መሕቡባ።

"ዋሽቼዎት ነው" አለች ሐረገወይን። "አብረን ነው የምንኖረው። አፍሬ ነው።"

"ምኑ ነው የሚያሳፍረው? እኔ እኮ ለልጄ ብስክሌት ልገዛለት ብዬ የሚያውቅ ሰው አጥቼ ነው የጠየቅሁሽ!" መሕቡባ ወደ ብርቄ ዞረች። "እህቴ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቱ ይሻለዋል ትያለሽ?"

ብርቄ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠብቅ ስምንት ወር ሞልቷታል።

"እኔ ስለ ብስክሌት አላውቅም፣ እትዬ" አለች ብርቄ፤ መሪውን ይዛም መግፋት ጀመረች።

ሐረገወይን ከኋላዋ ተከተለቻት። ብርቄ በጉብታዋ ላይ ሲያልፉ እንኳ ወደ ሞላው አላየችም። ስለ ጎማ፣ ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ግራም ሌት ተቀን የምትለፈልፍ ሴት ከንፈሯን ገጥማ ስትሄድ ሐረገወይን የመኪናውን፣ የሕዝቡን ድምፅ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች መሰላት። ያ ልፍለፋ ቤቷ እንደነበረ ያወቀችው አሁን ነው። ከሕንፃው ሰው ሁሉ "በልተሻል?" ብላ የምትጠይቃት ብርቄ ብቻ ናት፤ ሐረገወይን በትኩሳት የተኛች ጊዜም አምስት ቀን ከበሩ ሥር ሾርባ እያስቀመጠች፣ ከበሩ ወዲያ ሆና ስለ ፍሬን ስታወራላት ነው የከረመችው።

ሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ፣ "ብርቄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት።

ብርቄ የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነች።

"ስደቢኝ እንኳ!"

ብርቄ ብስክሌቱን በኋላ እግሩ አቁማ ሊፍቱ ውስጥ አስገባችው። በሩ ተዘጋ። አንደኛ ፎቅ አለፉ፣ ሁለተኛ አለፉ። ሐረገወይን በስምንት ወር ውስጥ አንዴም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

"የጎማው አየር ግን... ስንት መሆን አለበት?"

ሦስተኛ ፎቅ አለፉ። ብርቄ ዓይኗን ከቁጥሮቹ ላይ አላነሣችም። ሊፍቱ አራተኛ ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈት ግን አልወጣችም።

"የቱ?" አለች። "የፊቱ ነው የኋላው?"

"ሁለቱም" አለች ሐረገወይን።